ያቺን ቡሎን ማን ይፍታት?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዘይት ነው። የምግቡን አይደለም፤ የእሱን ነገር በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። የሞተር ሳይክል ዘይት ማለቴ ነው። «ጋዜጠኝነት ተምራ መጥታ ስለ ዘይት?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ከጉሎ ፍሬ ተነስቶ፣ በሁለት የዓለም ጦርነቶችና በአንድ የነዳጅ ቀውስ በኩል አልፎ፣ መጨረሻ ላይ የታላቅ ወንድሜ ፍሪሲዮን ላይ ያርፋል። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

ወንድሜ ሐዋሳ ውስጥ በሞተር ዕቃ እያደረሰ ነው የሚኖረው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሞተር ሳይክሎች ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ የመዲናዋ ልጆች ሞተር ሲያዩ ቦርሳቸውን ማቀፍ ለምዶባቸዋል እንጂ፣ በክልል ከተሞች ሞተር ማለት እንጀራ ነው። እናላችሁ ባለፈው ክረምት የወንድሜ እንጀራ ታመመ። ዕቃ ጭኖ ሲነሳ ነዳጅ ይሰጠዋል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን እንደ ጩኸቱ አይሄድም። ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ ጆሮውን ጣል አድርጎ «ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ዲስኮቹ አልቀዋል፣ ይቀየሩ» አለ። ዋጋው የሁለት ሳምንት ገቢ ነው። እኔ ደግሞ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ የማላልፍ ሰው ነኝና ከመቀመጫው ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ የኖረውን መመሪያ አወጣሁት። ስለ ዘይት ሦስት መስመር ተጽፏል። አንዷ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ምልክት ያለበት ዘይት ብቻ ይጨመር ትላለች። ወንድሜን «የትኛውን ዘይት ነው የሚሞሉልህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ከበርሜል እየቀዱ ነው የሚሞሉት፣ ምልክቱን አይቶት አያውቅም። «ኧረ ተይኝ፣ ዘይት ዘይት ነው!» አለኝ።

ዘይት ዘይት ነው ወይ? ለዚህች ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ታሪክ ውስጥ የገባሁት።

ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ በ1885 ጀርመን አገር ካንሽታት ውስጥ የሠሩት ባለ ሞተር ሁለት እግር ተሽከርካሪ አካሉ የእንጨት ነበር፤ ጉልበቱም ግማሽ የፈረስ ጉልበት። ከእሱ ወዲህ በመጡት አሥርት ዓመታት የተሠሩት ሞተር ሳይክሎች አንድ የሚያስገርም ጠባይ ነበራቸው። ዘይት ይጠጣሉ እንጂ አይመልሱም። ነዳጅ ማጠራቀሚያው ላይ ትንሽ የእጅ ፓምፕ ተገጥማለች። ነጂው እየነዳ በየተወሰነ ርቀቱ አንዴ ይጫናታል፤ ዳገት ከሆነ ይጨምራል። ዘይቱ ወደ ሞተሩ ይገባል፣ የቻለውን ያለሰልሳል፣ ከዚያ ወይ ተቃጥሎ ይጨሳል ወይ መንገድ ላይ ይንጠባጠባል። ካነሰ ፒስቶኑ ይነክሳል፤ ከበዛ ሰማያዊ ጭስ ይወጣና ካንዴላው ይቆሽሻል። መጠኑን የሚነግረው መሣሪያ የለም። ጆሮና አፍንጫ ብቻ።

ስለዚህ በዚያ ዘመን ዘይት «መቀየር» የሚባል ሥራ አልነበረም። የሚቀየር ዘይት የለማ! ሞተር የሚነዳ ሰው ሁሉ ግን ስለ ዘይት ማወቅ ግዴታው ነበር። ይህችን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ጉሎ። አዎ፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ ዘይቱን ለፀጉራችሁ የምትገዙት ጉሎ። የእጽዋት ተመራማሪዎች የትውልድ አገሩ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያና አካባቢዋ ነው ይላሉ። የጉሎ ዘይት ወፍራም ነው፣ ሙቀት ይችላል፣ ከቤንዚን ጋርም በቀላሉ አይዋሃድም። የመጀመሪያዎቹ ፈጣን ሞተሮች የሚፈልጉት ይህንኑ ነበር። ቻርልስ ዌክፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ በ1899 ባቋቋመው የዘይት ድርጅት ውስጥ በ1909 የጉሎ ዘይት የተቀላቀለበት ዘይት አወጣና ከጉሎው የእንግሊዝኛ ስም ቆርሶ «ካስትሮል» አለው። ዛሬ በየነዳጅ ማደያው የምታዩት ካስትሮል ማለት እንግዲህ በስሙ ውስጥ የኛን አጥር ተክል ተሸክሞ የሚዞር ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሲሊንደሮቻቸው ራሳቸው የሚሽከረከሩ የአውሮፕላን ሞተሮች ነበሩ። የሚሠሩት በጉሎ ዘይት ሲሆን ያልተቃጠለውን ዘይት ወደ አብራሪው ፊት ይተፉታል። ጉሎ ሆድን ምን እንደሚያደርግ አያቶቻችን ይነግሯችኋል። አብራሪዎቹም በሰማይ ላይ ተምረውታል ይባላል።

ጉሎ ግን አንድ ክፉ ነገር አለው። እየቆየ እንደ ሙጫ ይጋግራል። በእሱ የሚሠራ ሞተር ቶሎ ቶሎ ተፈትቶ መጠረግ አለበት። የውድድር ሞተረኞች ለጥንካሬው ሲሉ ለረጅም ጊዜ አልተዉትም። መንገደኛው ግን ወደ ማዕድኑ ዘይት ሄደ። የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር በ1911 ዘይቶችን በውፍረታቸው በቁጥር መመደብ ጀመረ። ዛሬ ጠርሙሱ ላይ የምታዩት 20፣ 40፣ 50 የዚያ የልጅ ልጅ ነው። (ከ20 ቀጥላ የምትቆመዋ ፊደል «ክረምት» ማለት ናት፤ የፈረንጁ የበረዶ ክረምት እንጂ የኛ የጭቃው አይደለም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ዘይቱ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ነው የምትናገረው።)

ቀስ በቀስ ደግሞ ፓምፑ ከነጂው እጅ ወጥቶ ወደ ሞተሩ ሆድ ገባ። ሞተሩ በራሱ ጉልበት ዘይቱን እየሳበ ያዞረዋል፣ ያጠራቅመዋል፣ መልሶ ያዞረዋል። ትልቅ እፎይታ ነበር። ሆኖም የሚዞር ዘይት ቆሻሻውንም ይዞ ይዞራል፦ ጥላሸት፣ የብረት ብናኝ፣ ውሃ። ዘይት መቀየር የሚባለው ሥራ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ማወቅ ግዴታ መሆኑም የቀረው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። በየደቂቃው እጁን ፓምፕ ላይ ያሳርፍ የነበረ ሰው አሁን ለወራት ሳያስበው መንዳት ይችላል፤ ሲደርስ ሌላ ሰው ይቀይርለታል።

ሁሉም ግን እጁን አልሰበሰበም። ቢያትሪስ ሺሊንግ የተወለደችው ካስትሮል በወጣበት ዓመት፣ በ1909 ነው። በ14 ዓመቷ ሞተር ሳይክል ገዝታ ትፈታ ትገጥም ነበር። ማንቸስተር ምህንድስና ተማረች፤ በ1934 በብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ በኖርተን ሞተሯ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ፈጥና የወርቅ ኮከብ አገኘች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች አፍንጫቸውን ድንገት ሲደፉ ካርቡሬተሩ በነዳጅ እየተጥለቀለቀ ሞተራቸው ይቆም ነበር። በ1941 መፍትሔውን ያመጣችው እሷ ናት። መሐሉ የተበሳ ትንሽ ብረት! በሞተር ሳይክሏ ከአንዱ አየር ሜዳ ወደ ሌላው እየዞረች አስገጠመችው። የሞተር ነዳጅ በየት በኩል ምን ያህል ማለፍ እንዳለበት በልጅነቷ በገዛ እጇ ያወቀች ሰው ናት።

ሌሎቹ ሁለቱ ቴሬዛ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን ናቸው። ታኅሣሥ 1934፣ የወልወል ግጭት በተነሳ በሳምንቱ ገደማ፣ ጎን ጋሪና ተጎታች በተገጠመለት ባለ 600 ሲሲ ፓንተር ሞተር ከለንደን ተነስተው በሠሃራ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ጉዞ ጀመሩ። በመንገዱ ላይ ሞተራቸውን ራሳቸው እየጠገኑ በሐምሌ 1935 ኬፕታውን ደረሱ።

እነሱ በደረሱ ሦስት ወር ሳይሞላ ኢጣሊያ አገራችንን ወረረች። እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም፤ ምክንያቱም ወንድሜ ለምን መመሪያውን እንዳላነበበ በከፊል የሚያስረዳው ይሄ ይመስለኛል።

አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆማችሁ አዳምጡ። ካቻቪቴ። ፒንሳ። ቡሎን። ዳዶ። ካንዴላ። ፍሬን። ፍሪሲዮን። ማርሽ። ማርሚታ። ጎማ። ጓርኒሲዮን። አንዱም ከግዕዝ አልመጣም፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። የመኪናና የሞተር ዕውቀት በብዛት ወደ እኛ የገባው ከወራሪው ጦር ጋር ነው። ጦሩ ከተሸነፈ በኋላም አገር ውስጥ ከቀሩት ጣሊያኖች ብዙዎቹ ጋራዥ ከፍተው ሠርተዋል። ዕውቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ ጌታው ሲሠራ ልጁ ቁልፍ እያቀበለ ያያል፣ ያ ልጅ ነገ ሌላ ቁልፍ አቀባይ ይቀጥራል። የተጻፈ ነገር በመሃል የለም። እኔ ይህን ትምህርት ቤት አልንቅም፤ ስንቱን ቮልክስዋገንና ስንቱን ላንድሮቨር በሕይወት ያቆየ ትምህርት ቤት ነው። ግን በሩ ጠባብ ነው። ቁልፍ ያላቀበለ አይገባም፤ ሴት ልጅ ደግሞ ቁልፍ እንድታቀብል የሚጠራት የለም። ባለቤቱም ገንዘብ ከፍሎ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

በሌላው የዓለም ክፍል በዚያው ጊዜ ነገሩ ወደ ተቃራኒው እየሄደ ነበር። ሆንዳ በ1958 ሱፐር ከብ የተባለችውን ትንሽ ሞተር አወጣ። የድርጅቱን ገበያ የሚመራው ታኬዮ ፉጂሳዋ የፈለገው፣ የምግብ ቤት ተላላኪ በአንድ እጁ ትሪውን ይዞ በሌላው እጁ የሚነዳት ሞተር ነው። ዕቃ አድራሽ ማለት ነው! ወንድሜን ከመወለዱ ሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት አስበውለታል። የከብ ምርት በ2017 ከ100 ሚሊዮን አልፏል።

ለኛ ጉዳይ ዋናው ሆዷ ውስጥ ያለው ነው። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሞተሮች ሦስት ቦታ ሦስት ዘይት ይይዙ ነበር፦ አንዱ ለሞተሩ፣ አንዱ ለማርሹ፣ አንዱ ለሰንሰለቱ ቤት። (ሦስቱም ያፈሱ ነበር፤ ባለቤቶቻቸው እስከ ዛሬ ይቀልዱበታል።) ትንንሾቹ የጃፓን ሞተሮች ግን ሁሉንም አንድ ሆድ ውስጥ ከተቱት። አንድ ሊትር ገደማ ዘይት፣ ከሥር አንዲት ማፍሰሻ ቡሎን፣ ከላይ አንዲት መሙያ ክዳን። ማንም ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ በአንድ ቁልፍ ሊቀይረው ይችላል። በየመንደሩ ጋራዥ ለሌለበት ገበያ ስለተሠሩ እንዲህ መሆናቸው አያስገርምም። የኛ የቻይናና የሕንድ ሞተሮችም ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው።

አንድ ሆድ ማለት ግን ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ፍሪሲዮኑንም ያጥባል ማለት ነው። ፍሪሲዮን ደግሞ ሥራው መያዝ ነው። ዲስኮቹ ዘይት ውስጥ ተነክረው እርስ በርስ እንዲጨብጡ ነው የተሠሩት፤ ይህ የሚሆነው ዘይቱ ከመጠን በላይ አሙለጭላጭ ካልሆነ ብቻ ነው።

ለብዙ ዓመታት ይህ ችግር አልነበረም፤ የመኪናም የሞተርም ዘይት ያው ነበር። ያኔ ቢሆን ወንድሜ ልክ ነበር! ከዚያ በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ። እኛ የምናውቀው በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ምክንያት መኪናቸውን ማቆማቸውንና ከዚያ የተከተለውን አብዮት ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቀውሱ በ1975 መኪኖች ነዳጅ እንዲቆጥቡ የሚያስገድድ ሕግ ወለደ። ነዳጅ መቆጠቢያው አንዱ መንገድ ሰበቃን መቀነስ ነው፤ ስለዚህ የዘይት አምራቾች ቀስ በቀስ የመኪና ዘይት ውስጥ ይበልጥ የሚያሙለጨልጩ ቅመሞች መጨመር ጀመሩ። መኪናው ተደሰተ። የመኪና ፍሪሲዮን ደረቅ ቦታ ስለሆነ የሚቀምሰው ቅመም የለም። የሞተር ሳይክሉ ግን መንሸራተት ጀመረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጃፓኖቹ ለሞተር ሳይክል ዘይት የራሳቸውን መለኪያ አወጡ፦ ጃሶ። «ኤም ኤ» የሚለው ለእንዲህ ያለው እርጥብ ፍሪሲዮን ነው፤ «ኤም ቢ» የሚለው እርጥብ ፍሪሲዮን ለሌላቸው ስኩተሮች።

ያቺ የመመሪያዋ ሦስተኛ መስመር ይህን ሁሉ ታሪክ ነው የያዘችው። ከበርሜል የሚቀዳ ዘይት ላይ ግን መስመር አይጻፍም።

ስለዚህ እሁድ ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ ቀየርነው። ምልክቱ ያለበትን አንድ ሊትር ከመለዋወጫ ሱቅ ገዛሁ፤ ቁጥር 17 ቁልፍ ከጎረቤት ተዋስን። ሞተሩን አምስት ደቂቃ አሞቅነው፤ ሞቅ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳላ። አጥፍተን በወገቡ የተቆረጠ ጀሪካን ከሥር አስቀመጥን። ቡሎኗ መጀመሪያ እምቢ አለች፣ ከዚያ «ቅጭ» ብላ ተፈታች፣ ጥቁሩ ዘይት እንደ ማር ወረደ። አንዲት ጎረቤታችን በአጥር አሻግረው «ምነው ልጄ፣ ወንድ የለም እንዴ?» አሉኝ። ወንዱ አጠገቤ ተቀምጦ በስልኩ መብራት እያበራልኝ ነበር። የቡሎኗን የአሉሚኒየም ቀለበት በአዲስ ተካን፣ ቡሎኗን አጠበቅን (የሞተሩ አካል ከብረት የለሰለሰ ስለሆነ እዚህ ላይ ጉልበት ማሳየት ጥርሱን መብላት ነው)፣ አዲሱን ሞላን፣ ለደቂቃ አስነስተን አጠፋን፣ ልኩን አየን። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ወዲያው አልተሻለውም። ዲስኮቹ የጠጡት ቅመም ቶሎ አይለቅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ቀየርነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ መንሸራተቱ ቆመ። ዲስኮቹ አልተቀየሩም፤ እስካሁን ያው ናቸው።

የፍሬን ዘይቱንም በዚያው ቀየርን። እሱ ሌላ ፍጥረት ነው፤ ስሙ ዘይት ተባለ እንጂ ዘይት አይደለም። የዲስክ ፍሬን በፈሳሽ ግፊት መሥራቱ በብዛት ከሚመረቱ ሞተሮች መሃል የገባው ከ1969ኙ ሆንዳ ሲቢ 750 ጋር ነው። ፈሳሹ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ሲበዛ በሙቀት ይፈላና ፍሬኑ ድንገት ባዶ ይሆናል። የሞተር ዘይት ቢረሳ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ይሄኛው ሰው ይገድላል። የሚገርመው ጋራዥ ውስጥ ስለ እሱ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም።

ቡሎኗን ማን ይፍታት የሚለው ሙግት የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በ1975 የወጣ ሕግ አምራቾች «የኛን ዕቃ ብቻ ካልተጠቀማችሁ ዋስትናው ይሰረዛል» እንዳይሉ ይከለክላል። በ2022 የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን ሃርሊ ዴቪድሰንን በዚሁ ጉዳይ ከሶ የዋስትና ውሉን እንዲያስተካክል አድርጎታል። ሮበርት ፒርሲግ በ1974 ባሳተመው ዝነኛ የሞተር ሳይክል ጥገና መጽሐፉ ውስጥ ደግሞ ውድ ሞተር ገዝቶ ሊነካው የማይፈልግ ጓደኛ አለው፤ ግማሹ መጽሐፍ የሁለቱ ክርክር ነው ማለት ይቻላል። መጽሐፉን 121 አሳታሚዎች መልሰውበታል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱም ጀሪካኑ። የወረደው ጥቁር ዘይት የት ይሂድ? አገር ቤት የተቃጠለ ዘይት ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት ይቀባል፤ የተረፈው ቱቦ ውስጥ ይደፋል። ፈረንጆቹም በጨዋነት አልጀመሩም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ታይምስ ቢች የምትባል ከተማ የመንገዷን አቧራ ለማስተኛት በተቃጠለ ዘይት አስረጨች። ዘይቱ ውስጥ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ነበረበት። ከአሥር ዓመት በኋላ ከተማዋ እንዳለ ባዶ ሆነች፤ ዛሬ የለችም። የኛ ጀሪካን ያን ያህል መርዝ የለበትም። ግን የሐዋሳ ሐይቅ እንደ ጣና አይደለም፤ ወደ ውጭ የሚፈስለት ወንዝ የለውም። ቱቦው የወሰደለት ሁሉ እዚያው ይቀራል፣ ዓሣውም እዚያው ይኖራል።

የሐዋሳ አንባቢዎች፣ የተቃጠለ ዘይት በወጉ የሚረከብ ቦታ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። እስካሁን ሁለት ሊትር ሆኗል፣ አልጋዬ ሥር ነው ያለው፣ እማዬም ማጉረምረም ጀምራለች።